«ሁለት ሰዓት እንገናኝ»

ኦሮሚያ ውስጥ፣ የኪራሙ ልጅ የላቲንን ፊደል መጀመሪያ የሚተዋወቀው አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ ነው። እንግሊዞች «ሲ» የሚሏት ፊደል በቁቤ «ጭ» ነች፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ገልጦ ከድመቷ ሥዕል ሥር ያለውን ቃል «ጨት» ብሎ ቢያነብ፣ የተማረውን ሕግ ሳያዛንፍ ሠርቶበታል ማለት ነው።

በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል። 9ኛ ላይ ፊዚክሱም ታሪኩም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ቋንቋውን ሲነጋገሩበት ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ በአፉ የለመደውን ከነአገባቡ ይዞ መሻገሩ አይቀርም። አማርኛ ተናጋሪውም እንዲሁ ነው፤ ከጓዳ ሲጠሩት፣ ገና ጫማውን እያሰረ፣ «አይ ኬም!» ይላል፤ «መጣሁ» ማለቱ ነው። ሬዲዮውን «ኦፕን» ያደርጋል። ጓደኛውን «ሌት አስ ፕሌይ» ሲለው ወግ አምሮት እንጂ ኳስ ፈልጎ አይደለም። እስክሪብቶ ሲያጣ ደግሞ «ካን ዩ ቦሮው ሚ» ይላል። ምን ያድርግ? «አዋሰ» እና «ተዋሰ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን ለሰጪውና ለተቀባዩ የተለያየ ቃል አለው።

የመምህራን ቀይ እስክሪብቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው «ዲስከስ አባውት» ላይ ነው። እውነት ነው፣ «አባውት» ትርፍ ናት። ማንንም ግን አላሳሳተችም፤ ለንደን ላይም ቢሏት ሰሚው ይረዳል።

ዋጋ የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ነቀምቴ ላይ የውጭ እንግዳን ለጠዋት ሁለት ሰዓት «አት ቱ ኦክሎክ» ብሎ የቀጠረ ወጣት ስድስት ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል፤ እንግዳው የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። በጥር 1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅም የስኮላርሺፕ ቅጽ ላይ «ቦርን ኢን 1998» ብላ ከሞላች በአንድ መስመር ስምንት ዓመት አረጀች። በፈረንጆቹ የተወለደችው በ2006 ነው። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች በሰዋስው እንከን አይወጣላቸውም፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚያልፋቸውም ለዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከአማራጮች መልስ መምረጥ እንጂ ቀጠሮ መያዝ አይጠይቅም።

የሚገርመው፣ ልጆቹ የሰዓቱን ስሌት ያውቁታል። ስልካቸው 8:00 ሲል «ሁለት ሰዓት» ብለው የሚያነቡት ሳያስቡት ነው። መምህሩ ስልካቸውን አስወጥቶ ያንኑ በእንግሊዝኛ ቢያስነብባቸው አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ ዳሩ በብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።