ቱቦው ያወቀውን ሕዝብ ለምን አይወቅ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በእኛ አገር ግን በሽታ የሚደብቀው በሽተኛው አይደለም። በሽተኛውማ ምን ሊደብቅ? ተቅማጥና ትውከት ሲያጣድፈው ጎረቤቱ ሁሉ ያየዋል። የበሽታውን ስም የደበቀው መንግሥት ነው። በ1998 ዓ.ም ከጋምቤላ ተነስቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ወረርሽኝ «አተት» ተባለ፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባም ስሙ ያው «አተት» ነበር። «ኮሌራ» የሚለው ቃል ከባለሥልጣናት አፍ በግልጽ የተሰማው በ2011 ዓ.ም ነው።

«አተት» የምልክት ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ወባን «ትኩሳት» ብሎ እንደመተው ያለ ነገር ነው። ለምን እንዲህ ተደረገ ሲባል ይሰጥ የነበረው ግምት ቱሪስት ይሸሻል፣ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ገበያ ያጣል የሚል ፍራቻ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀድሞው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶ/ር ቴዎድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ የተፎካካሪያቸው አማካሪ የነበሩ ምሁር ይህንኑ ጉዳይ ክስ አድርገው አነሱባቸው። እሳቸውም ክሱን አልተቀበሉትም። ማን ልክ እንደነበር የአዲስ አበባ ሰው ራሱ ይፍረድ። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ዛሬ ስሙን ቀይር ቢሉት የማይቀይር፣ ዝም በል ቢሉት ዝም የማይል ምስክር ተገኝቷል። ምስክሩ የፍሳሽ ቱቦ ነው።

ውድ አንባቢ፣ አፍንጫዎን አይያዙ። ነገሩ ቀላል ነው። ሰው የያዘው ጀርም ብዙውን ጊዜ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ታመመም አልታመመም። ከማጣሪያ ጣቢያ መግቢያ ላይ በአንድ ጠርሙስ የሚቀዳ ፍሳሽ የአሥር ሺዎችን፣ አንዳንዴም የሚሊዮኖችን ቤት ወሬ ይዞ ይመጣል። ጠርሙሱ በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ እዚያ ፒሲአር በሚባለው ምርመራ የጀርሙ ዘር ይፈለጋል። ስም አይጠየቅ፣ ካርድ አይወጣ፣ ወረፋ የለ። ለሐኪም ቤት ገንዘብ የሌለውም፣ «ነገ ይሻለኛል» ብሎ የተኛውም አብሮ ይቆጠራል።

ጥቅሙ በፖሊዮ፣ በልጅነት ልምሻ ታይቷል። ፖሊዮ ከገባባቸው 200 ያህል ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንዱ ነው። ሌሎቹ ጤነኛ መስለው፣ ኳስ እየተጫወቱ ቫይረሱን ያዘራሉ። አንድ ሕፃን ሽባ ሆኖ ሐኪም ቤት እስኪመጣ የሚጠብቅ ጤና ጥበቃ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ያልጠበቁትን እንይ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ በምትገኘው ራሃት ከተማ ፍሳሽ ውስጥ ፖሊዮ አገኘች። አንድም ሽባ የሆነ ሕፃን አልነበረም። «ሕዝቡን እናስደነግጣለን» ብለው ዝም አላሉም፤ ተናገሩ፤ ወደ 1 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕፃናት በአፍ የሚሰጠውን ክትባት አደረሱ። ሽባ የሆነ ሳይኖር አለፈ። ለንደንም እ.ኤ.አ. በ2022 በቤክተን ማጣሪያ ጣቢያ ፍሳሽ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ሰኔ ላይ ለሕዝብ ተነገረ፣ ነሐሴ ላይ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላሉ የከተማዋ ልጆች ሁሉ ተጨማሪ ክትባት ታዘዘ። ጋዛ ደግሞ በጦርነት መሀል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ፍሳሹ ቀድሞ ተናገረ፤ በነሐሴ የ10 ወር ሕፃን ሽባ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ክትባቱ በመስከረም ተጀመረ። ቦምብ በሚዘንብበት አገር እንኳ ፍሳሽ ተቀድቶ፣ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ለዓለም ተነግሯል። እኛን ምን ያዘን?

«እኛ አገርስ መች አለ?» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ! በኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ የፖሊዮ ላቦራቶሪ አለ። ለፖሊዮ ክትትል ከፍሳሽ ናሙና መውሰድም አዲስ ነገር አይደለም። ቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተስፋፋ ጣቢያ አለን። ዕውቀቱ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ቱቦውም አለ። የጎደለው ቱቦው የነገራቸውን ለእኛ መንገር ነው። ጋዜጣ እያነበብኩና እየጻፍኩ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ «በዚህ ሳምንት በእገሌ ክፍለ ከተማ ፍሳሽ ውስጥ ይህ ተገኘ፤ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ቋሚ ማስታወቂያ አንድም ቀን አላየሁም። በኮቪድ ጊዜ ሆላንድና አሜሪካ የፍሳሻቸውን ውጤት ማንም ሊያየው በሚችል መንገድ ያወጡ ነበር። የእነሱ ሕዝብ አልበረገገም፤ የእኛ ሕዝብ ምን ስለሆነ ነው የሚበረግገው?

ሌላም ነገር አለ። ቱቦ የሚናገረው ቱቦ ላለው ነው። እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው፤ ጎረቤት ይጋራዋል። ሲሞላ ቦቴ መኪና መጥቶ ይመጠዋል፤ ቦቴ ያልደረሰለት ክረምት ሲገባ ወደ ወንዝ ይለቀዋል። የአቃቂ ወንዝ የሚሸከመው ይህን ሁሉ ነው። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመልሶ ወደየገበታችን ይመጣል። እንግዲህ ምርመራው ቃሊቲ በር ላይ ብቻ ከቆመ የሚቆጠረው ኮንዶሚኒየምና ሆቴል ነው፤ ቀድሞ የሚታመመው የጉድጓድ ሰፈር አይቆጠርም። ስለዚህ ከቦቴዎቹ ማራገፊያ፣ ከወንዙ፣ ከገበያው አጠገብ ካለው ቦይ ሁሉ ይቀዳ።

ደግሞ ኮሌራ ከፖሊዮ የባሰ ይቸኩላል። ከተያዙት አብዛኞቹ ምልክት አያሳዩም ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ይይዛቸዋል፤ ግን ከ1 እስከ 10 ቀን ባክቴሪያውን ያወጣሉ። ክፉኛ የያዘው ደግሞ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አብዛኛውን በሽተኛ የሚያድነው ውድ መድኃኒት ሳይሆን በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ ነው። ቀድሞ ያወቀ እናት ኦ.አር.ኤስ ገዝታ ታስቀምጣለች፣ ውሃ ታፈላለች። በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ባሌ ላይ የተነሳው ኮሌራ ከወረዳ ወረዳ እየዞረ ወራትን ሲሻገር ያየን ሰዎች የጥቂት ቀናት ቅድሚያ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ሐቁን ልናገር፤ ፍሳሽ ሁሉን አያውቅም። ማን እንደታመመ አይናገርም፤ ባይናገርም ደግ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲቀላቀልበት ውጤቱ ይቀጥናል። የኮሌራ ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ ራሱን ችሎ ሊኖር ስለሚችል፣ የተገኘው መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት መሆኑ መጣራት አለበት። ሐኪም ቤትንም አይተካም። ይሁንና ይህ ሁሉ «ተጣርቶ ይነገር» ያሰኛል እንጂ «ይደበቅ» አያሰኝም። አንድ ሰፈር «የበሽታ ሰፈር» ተብሎ እንዳይወገዝ ከተሰጋም ከስሙ ጋር ንጹሕ ውሃና ክትባት አብሮ ይላክ። ሰፈርን የሚያዋርደው ችላ መባሉ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የፍሳሽ ምርመራ ለፖሊዮ ብቻ ሳይሆን ለኮሌራም በቋሚነት ይደረግ። ሁለተኛ፣ ቱቦ የሌላቸው ሰፈሮች ይካተቱ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በየሳምንቱ፣ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም፣ በሬዲዮ ይነገር፤ የበሽታው ስምም በስሙ ይጠራ። ይህን የሚያወጣው የፖለቲካ ሹመኛ ሳይሆን ባለሙያው ይሁን፤ ሹመኛ ፈቃድ እስኪሰጥ ጀርም አይጠብቅም።

ስሙን «አተት» ያለው መንግሥት ሄዷል። ልማዱም አብሮት መሄዱን ግን በመግለጫ ሳይሆን በየሳምንቱ ቁጥር ያሳዩን። ፍሳሹ የእኛ ነው፤ ከየቤታችን የወጣ ነው። ስለ እኛ የተናገረውን የመስማት መብትም የእኛው ነው።