የሚጥለው በሽታው ነው ወይስ የእኛ አስተያየት?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ



ከዚህ በታች ያለውን አስተያየቴን ለአንባቢዎች በተመደበው ዓምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የሚመለከተው በየቤታችን፥ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን፥ ነገር ግን ስሙን ጮክ ብለን ለመጥራት የምንፈራውን የሚጥል በሽታ ነው።

ባለፈው ኅዳር ወር በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ፋይል ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ ድንገት ወደቀች። እጅና እግርዋ ይንቀጠቀጥ፥ ከአፍዋም አረፋ ይወጣ ጀመር። ከየክፍሉ የወጣነው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ዲግሪ የሌለው ከመካከላችን ሁለት ቢሆን ነው። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው ቀርቦ ራስዋን የደገፈ አንድም አልተገኘም። አንዱ «አረፋው እንዳይነካችሁ» ሲል፥ ሌላው «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ክብሪቱን ከኪሱ አውጥቶ የጫረውና ጢሱን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋው ሰው እኔ ነኝ። ጥቂት ቆይታ ስትነቃ ያዳንኋት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ባልደረቦቼም አመሰገኑኝ።

ማታ ይህንኑ እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሬ ለጎረቤቴ ለሐኪሙ ባጫውተው «ክብሪቱን ባይጭሩትም ትነቃ ነበር» አለኝ። አነጋገሩ ቅር ቢያሰኘኝም አስረዳኝ። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚላላኩት በደካማ ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህ ኤሌክትሪክ ለጊዜው ከልክ ሲያልፍ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፥ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል። ክብሪት ተፈልጎ፥ ተጭሮ፥ እስኪሸተት ድረስ የሚፈጀውም ጊዜ ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ ክብሪት ሁልጊዜ ያዳነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አባቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ የተሳሳተው ከዚያ ላይ ያወጡት ፍርድ ነው። እኔ ግን ሒሳብ የተማርሁ ሰው ስሆን ይህን ያህል እንኳ ሳልመረምር መቅረቴ አሳፍሮኛል።

ማድረግ የሚገባው ቀላል ነው። በአጠገቡ ያለውን የሚጎዳ ዕቃ ማራቅ፥ ከራሱ በታች ኮት ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ማድረግ፥ የአንገቱን ልብስ ማላላት፥ ትንፋሹ እንዳይታፈን በጎኑ ማስተኛት፥ እስኪነቃም ድረስ አጠገቡ መቆየት ነው። በግድ ጨምድዶ መያዝ አይገባም፤ በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ መክተት ጥርስ ይሰብራል፥ ያንቃል። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከመጣበት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። አረፋው ምራቅ እንጂ መርዝ አይደለም፤ በሽታው በመንካትም፥ በትንፋሽም፥ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

ከሳምንት በኋላ ልጅቱን አነጋገርኋት። ስምዋን እንዳልጽፍ፥ ታሪክዋን ግን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። መጀመሪያ የተናገረችኝ ቃል «ጋሼ፥ የክብሪቱ ሽታ ሁለት ቀን ከአፍንጫዬ አልወጣም» የሚል ነበር። ቀጥላም የቀኝ እጅዋን እጅጌ ሰብስባ የቃጠሎ ጠባሳ አሳየችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከምድጃ አጠገብ ወድቃ ነበር፤ እናትዋ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስለነበር ጎረቤቶች ደርሰው ቢያዩም አረፋውን ፈርተው አልነኳትም። ከእሳቱ ያወጣቻት እናትዋ ናት። ያቃጠላት እሳቱ ነው እንበል፤ እዚያው ያቆያት ግን ሰው የሚያምነው ነገር ነው።

ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ በክፍል ውስጥ ወደቀች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እናትዋን አስጠርቶ «ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ ስትድን ትምጣ» አላቸው። ስትድን! መድኃኒት እንዳለው የነገራቸው ሳይኖር፥ ሐኪም ቤት ያመለከታቸው ሳይኖር። ሁለት ዓመት ከቤት ዋለች፤ በኋላ የማታ ትምህርት ገብታ፥ ሕመምዋን ደብቃ፥ እዚህ ደረሰች። ኃላፊው ክፉ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። ለአርባ ልጆች ድንጋጤ አስቦ የአንዲቱን ልጅ ትምህርት ቆረጠ፤ ለአርባዎቹ አሥር ደቂቃ ቢያስረዳቸው ግን ድንጋጤውም በቀረ፥ ልጅቱም በተማረች ነበር። በአንጎልዋ ላይ የደረሰ የማሰብ ጉድለት እንደሌለ ዛሬ መዝገብ ቤታችን ይመሰክራል፤ በእርስዋ ጊዜ የጠፋ ፋይል የለም።

ይህ የአንዲት ሴት ነገር ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ባደረጉት፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 በታተመው ጥናት፥ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ተገኝቶአል፤ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በዓለም ሁሉ ደግሞ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳሉበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ በድሆች አገሮች ከአራቱ ሕሙማን ሦስቱ ሕክምና አያገኙም። ከመቶ እስከ ሰባ የሚሆኑት በደንብ ቢታከሙ ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ፌኖባርቢታል የሚባለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ የሕክምናውም ወጪ በዓመት እስከ አምስት የአሜሪካ ዶላር ዝቅ ሊል እንደሚችል ያው ድርጅት ጽፎአል። ከዚህም በላይ ከአራት አንዱ ገና ከጅምሩ ሊከለከል የሚችል ነው፤ በወሊድ ጊዜ በሚደርስ ጉዳት፥ በማጅራት ገትርና በራስ ላይ በሚደርስ አደጋ የሚመጣ ስለሆነ። በዚህ ውስጥ ጋኔን የቱ ጋ እንደሚገባ አላውቅም። በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው ጽሑፍ እንኳ ይህ ሕመም እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተፈጥሮ ምክንያት እንዳለው የተከራከረው ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ፈረንጆቹ ከእኛ ቀድመው ነቁ እንዳንልም፥ በአሜሪካ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ከምግብ ቤትና ከቲያትር ቤት መከልከል እንደ እነርሱ አቆጣጠር እስከ 1970ዎቹ ድረስ በሕግ የተፈቀደ ነበር። እዚያ ያገደው ሕግ ነው፤ እዚህ የሚያግደው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ አይሻርም።

ታዲያ መድኃኒት ካለ ለምን አልወሰደችም? ይህን ስጠይቃት ሳቀች። ትወስድ ነበር፤ ነገር ግን በምሳ ሰዓት «የምን ክኒን ነው?» የሚላት ሰው በመብዛቱ መጀመሪያ ሰዓቱን አዛባች፥ በኋላም ተወችው። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል፤ በኮሪደሩ የወደቀችውም በዚሁ ሰሞን ነው። ከልጅነትዋ ጀምሮ ጸበል ትጠመቃለች፤ በዚህ የሚነቅፋት የለም፥ እኔም አልነቅፍም። ጸበሉ መድኃኒቱን ጣይ አላላትም። መድኃኒቱን ያስጣላት የእኛ ዓይን ነው።

ከወደቀችበት ቀን ወዲህ በሻይ ቤታችን የእርስዋ ስኒ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ለብቻው ተቀምጦአል። ማን እንዳዘዘ የሚያውቅ የለም። ስኒው እንዲቀላቀል ሻይ የሚያፈሉልንን እናት ብለምናቸው «ሌሎቹ ይቆጡኛል፥ ልጄ» አሉኝ፤ ሌሎቹ ማለት እኛው ነን።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ስለዚህና ስለ ሌሎች የነርቭ ሕመሞች አንድ የሥራ ዕቅድ ተቀብሎአል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2031 ከመቶ ሰማንያው አገር የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች መብት የሚጠብቅ ሕግ እንዲያወጣ ወይም እንዲያሻሽል ይላል። ሕግ የሚያረቀው፥ ሰርኩላር የሚጽፈው፥ ለመምህራን ሥልጠና በጀት የሚይዘው ማን ነው? የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ነው። ነገር ግን ሕጉ እስኪወጣ የማያስጠብቅ ሥራ አለ። ወላጆችን «ስትድን ትምጣ» ከማለት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመራ ማስታወሻ ለመጻፍ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የማንንም ፈቃድ አይሻም። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊም ሠራተኛዋ ከመሰላል፥ ከእሳትና ከመኪና መሪ የራቀ ሥራ ላይ እስካለች ድረስ ሕመምዋን የዕድገትና የዝውውር ጉዳይ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም።

ይህን የምጽፍበት የቅርብ ምክንያትም አለኝ። ልጅቱ ማንም ወደማያውቃት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለመዛወር አመልክታለች፤ እዚያም እንደገና ደብቃ ልትኖር፥ ክኒንዋን እንደገና ልትተው ነው። ማመልከቻው በአለቃችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እርሳቸውም ለእርስዋ አዝነው ሊፈርሙ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ይህን ጋዜጣ ሳያነቡ ሥራ እንደማይጀምሩ ስለማውቅ፥ ከመፈረማቸው በፊት ይህ ደብዳቤ ቢደርሳቸው እወዳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ