ከተግሣጽ በኋላ ያለው ሳምንት

ስሟን ከገሊላው ተራራ የወሰደችው ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ቀን በዓሏን በችቦና በሙልሙል፣ በልጆች ሆያ ሆዬና በጅራፍ ጩኸት ስታከብር፣ ከአዲስ ዘመን በላይ በጥድና በወይራ ደን የተከበበው ጣራ ገዳምም በማኅሌት ሲያድር፣ አብዛኞቻችን የምናስበው በተራራው ላይ የታየውን ብርሃን እንጂ ወደ ተራራው የተወጣበትን ቀን አይደለም። ወንጌላዊው ማቴዎስ ግን ጌታ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ የወጣው ከስድስት ቀን በኋላ መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም። ስድስቱም ቀን የሚቈጠረው በፊልጶስ ቂሳርያ ከሆነው ነገር ጀምሮ ነው፤ በዚያ ጴጥሮስ መምህሩን ከመውደዱ የተነሣ ወደ መከራ እንዳይሄድ ሊከለክለው ቢሞክር፣ በሰይጣን ስም ተጠርቶ ተገሥጿል። እንዲህ ክፉኛ የተገሠጸውን ሰው ነው እንግዲህ ጌታ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ከዘጠኙ ለይቶ ምሥጢሩን ሊያሳየው ያወጣው። በተራራውም ላይ ይኸው ጴጥሮስ የሚለውን ሳያውቅ ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ ሲናገር፣ ከደመናው የወጣው የአብ ድምፅ ንግግሩን አቋረጠው፤ ሦስቱም በፍርሃት በግምባራቸው በወደቁ ጊዜ ጌታ ቀርቦ ዳሰሳቸውና አስነሣቸው።

ስለ ፍቅር ተግሣጽ የሚሰጠውን ትምህርት ሁሉ እኔ የምመዝነው በዚህ ነው። ቃሉ የለሰለሰ ሁሉ ወዳጅ፣ ቃሉ የጠነከረ ሁሉ ጠላት አይደለምና፣ የገሣጩን ልብ ለማወቅ የሚከተለውን ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። የተገሣጹም ልብ የሚታወቀው በዚያው ሳምንት ነው፤ ጴጥሮስ አኵርፎ ሊቀር ሲችል ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላም ጳውሎስ በአንጾኪያ በሁሉ ፊት ቢገሥጸው፣ በሁለተኛው መልእክቱ ይህንኑ ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ጠርቶታል።

ይህ ሥርዓት በመጽሐፍ ብቻ የቀረ እንዳይመስለን ወደ ጋይንት መሻገር ነው። ድጓ በሚመሰከርበት በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በሚመሰከርበት በዙር አምባ፣ ደበሎ ለባሹ ተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ ያዜማል፤ የኔታ ዐይናቸውን ከድነው ይሰማሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት ከሚባለው የዜማ ምልክት ተማሪው አንዱን ቢስት፣ ቅናት ባለበት ድፋት ቢያደርግ፣ የኔታ ጕሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፤ (ተማሪ ሁሉ ያንን ድምፅ ከነጐድጓድ ይልቅ ይፈራዋል!) ከዚያም ቦታውን ራሳቸው አዚመው እስኪቀና ያስደግሙታል። ልጁ በባልንጀሮቹ ፊት ታርሟል፤ ነገር ግን ተዋረድሁ ብሎ አኵፋዳውን አንሥቶ አይሄድም፤ የኔታ ነገም በዚያው ሰዓት በዚያው መደብ ተቀምጠው እንደሚሰሙት ያውቃልና። አራሚው ለእርማቱ ከራሱ ዕድሜ ይከፍላል፤ ዋጋ ያልተከፈለበት እርማት ከሐሜት በምን ይለያል?

ዋጋውስ አንዳንድ ጊዜ ከባድ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻው የገሠጹት አባ አኖሬዎስ እንደ ተገረፉ፣ የደብረ አስቦ መነኮሳትም ወደ ደምብያና ወደዚሁ ወደ በጌምድር እንደ ተጋዙ ገድላትና ታሪክ ይነግሩናል። እነዚህ ሰዎች ሰውን ከደጅ ቆመው ኰንነው የሄዱ አልነበሩም፤ በተጋዙበት አገር እየሰበኩ ኖሩ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በደብረ ታቦር የከተመው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የራስ ዓሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፈች ወዲህ ጠባዩ እየከፋ እንደ ሄደ ብዙ ጊዜ ይተረካል። በኋላ ለመጣው መዓት ሁሉ ምክንያቱ የእርሷ ሞት ብቻ ነው አልልም፤ ሆኖም ሳይፈራው የሚናገረውንና ሳይጠላው የሚመክረውን ሰው ያጣ ንጉሥ ምን ያህል ብቸኛ እንደሚሆን ለማሰብ አያዳግትም።

ንጉሡን ትተን ወደ ራሳችን ብንመለስ፣ በጽዋ ማኅበራችን የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀበልም የሚለው ልማድ መልካም ነው። ዳሩ ግን ስሕተት የታየበትን ወንድም በማኅበሩ መሪ በሙሴው ፊት አቁመን ለፍቅር ብለን ነው እያልን ከመከርነው በኋላ፣ በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናገኘው ፊታችንን እናዞራለን። ማኅበሩ አንድን ሰው ከገሠጸ፣ ከገሣጮቹ አንዱ ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ሄዶ ቡናውን እንዲጠጣ፣ ታሞ እንደ ሆነ እንዲጠይቀው፣ ሣሩ ሳይታጨድ ቀርቶ እንደ ሆነ እንዲያግዘው ለምን ግዴታ አይደረግም? ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ምክሩን ለሌላ ይተወው።

በሌላው ወገን ያለውም ጥፋት ቀላል አይደለም። የነፍስ አባቱ ከበድ ያለ ቃል የተናገሩት ምእመን፣ በሚቀጥለው ፋሲካ ገር የሚናገሩ ሌላ ካህን ፈልጎ መስቀል ይሳለማል። የንስሐ ልጆቻቸው እንዳይቀነሱባቸው የሚሠጉት አባትም ጥፋቱን እያዩ ባርከው ያልፋሉ፤ በጾም ቀን ጠላ ሲቀዳላቸውም የቤቱን ጸብ ሳይጠይቁ ጸሎት አድርሰው ይነሣሉ፤ ባልና ሚስቱም እስከ በር ድረስ በአክብሮት ይሸኟቸዋል።