«አለ» ምን አለ?

በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚባዛውን የእንግሊዝኛ ግሥ ዝርዝር እንቃወማለን። በግራ ግሡ፣ በቀኝ አንድ ትርጉም፤ ሸምድድና ፈተና ላይ ትፋው! «ፒክ አፕ» ማለት «ማንሳት» ነው ይላል፤ አለቀ። ታዲያ አንዱ ሞጆ ሲኖር ኦሮምኛ «ፒክ አፕ» አደረገ ቢባል ቋንቋውን ከመሬት አነሳው ልንል ነው? ክፍል ሳይገባ እየሰማ ለመደው ማለት እኮ ነው። ጓደኛውን ከሆነ በመኪና ሄዶ ወሰደው፤ ገበያው ከሆነ ተሟሟቀ። (መኪናውን ፒክ አፕማ ማን ያጣዋል!) ፍቺው ያለው ከግሡ ጎን በቆሙት ቃላት ውስጥ ነው።

ደግሞስ ይህ ለእኛ ምኑ ብርቅ ነው? አዳማ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ሹፌሩ ይቆማል እንጂ «ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም። አንዱ «አለ» ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ፊደሉ ግን አይለያቸውም። «ዝም አለ» የተባለውስ ሰው ምን ተናገረ? ኦሮምኛውም «ጨል ጄዼ» ይላል፤ «ጄዼ» ያው «አለ» ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተል ወገናችን ዝርዝሩን ጨርሶ ልብ ወለድ ሲከፍት ገና ከመጀመሪያው ምልልስ ይሰናከላል። «እንግሊዝኛ አልገባ አለኝ» ይለናል። ይህችን «አለኝ» ከየትኛው ዝርዝር ሸመደዳት?