ኪራይ ያልከፈለ ሰው ይዝፈን?

ሙግት፦ ደስ የሚል ዘፈን ሰውን ያበረታል ወይስ ችግሩን ያስረሳዋል?

ይዝፈን እንጂ!

ቦቢ ማክፌሪን «ዶንት ዎሪ፣ ቢ ሃፒ»ን ሲቀዳ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ አልያዘም። ፉጨቱም ምቱም ከገዛ አፉና አካሉ የወጣ ነው፤ ድምፁን በድምፁ ላይ እየደረበ ሠራው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካን የቢልቦርድ ሰንጠረዥ መርቷል፤ በቀጣዩ ዓመትም የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ ግራሚ ወስዷል። (የቦብ ማርሌ ነው ብለው የሚምሉ ሞልተዋል፤ ማርሌ ግን ያረፈው በ1981 ነው።)

እንዲህ ያለውን ዘፈን የልጅ ጨዋታ ነው ብለው የሚያጣጥሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ፈርግሰንና ሼልደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜታቸው ይበልጥ የተሻሻለው የአሮን ኮፕላንድን ደማቅ ሙዚቃ እየሰሙ ደስ እንዲላቸው ከልብ የጣሩት ሰዎች ናቸው። ሙዚቃው ብቻውን አልበቃም፤ ጥረቱም ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ጠዋት ሬዲዮ ከፍቶ ትከሻውን የሚነቀንቅ ሰው ከችግሩ እየሸሸ አይደለም። ችግሩን የሚገጥምበት ጉልበት እየሰበሰበ ነው።

ኪራዩን ማን ይክፈል?

ወዳጄ ሽልማቱን ቆጠረልን እንጂ ዘፈኑ ስለ ማን እንደሚያወራ አልነገረንም። በግጥሙ ውስጥ ኪራይ ያሳለፈ ሰው አለ፤ አከራዩ በክስ ያስፈራራዋል። ጎኑን የሚያሳርፍበት ያጣም አለ። ለሁሉም የተሰጣቸው ምክር አትጨነቁ የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወር በደረሰ ቁጥር የአከራዩን ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ምን ይለዋል?

ምክሩ የሚመቸው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በ1988 የጆርጅ ቡሽ የምርጫ ዘመቻ ዘፈኑን ተጠቀመበት፤ ማክፌሪን ራሱ ተቃወመ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ፐብሊክ ኢነሚ የተባለው የራፕ ቡድን «ፋይት ዘ ፓወር» ላይ ርዕሱን ጠርቶ ነቀፈው። ባለሥልጣን የማይጨነቅ ሕዝብ ይወዳል፤ የማይጨነቅ ሕዝብ አይጠይቅማ።

ጥናት ከተባለም እኔም አለኝ። ጆናታን ስኩለርና ባልደረቦቹ በ2003 ባቀረቡት ሙከራ ሰዎች የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» ሰሙ። እየሰማችሁ ደስ ለመሰኘት ሞክሩ የተባሉት፣ ዝም ብለው ካዳመጡት የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ደስታን እያሳደዱ፣ መጣ አልመጣ እያሉ ልብን መመርመር ያለውንም ያሳጣል።

የእኛ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ሆድ ሲብሰው የሚከፍተው ትዝታ ነው፤ አልቅሶ ይወጣለታል። በ2014 የወጣ የታሩፊና የኬልሽ ጥናት ከሰባት መቶ በላይ ሰዎችን ጠይቆ፣ አሳዛኝ ሙዚቃ ከሐዘን ይልቅ አብዝቶ የሚቀሰቅሰው ትዝታን እንደሆነ አግኝቷል። ያዘነን ሰው ሳቅ ከማለት አብሮት ማዘን ይሻላል።

መልስ ከይዝፈን ወገን

«የጸደይ ሥርዓት»? ያ ሙዚቃ እኮ በ1913 ፓሪስ ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ አዳራሹን በሁከት የናጠ ነው! በእሱ ደስ ይበላችሁ የተባለ ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል? የ2013ቱም ጥናት የተነሣው ይህንኑ ጠይቆ ነው። ስለ ዘመቻው ደግሞ ዘፋኙ ተቃውሟል ካልን ጥፋቱ የዘፈኑ አይደለም። ትዝታን አልነካሁም፤ ሠርግ ቤት መጨፈር ለቅሶ መድረስን አያስቀርም።

የመጨረሻ ቃል ከተቃዋሚ

ሠርግን ካነሣህ አይቀር፣ እዚያ ማንም ደስ ይበልህ ተብሎ አይታዘዝም፤ ያጨበጭባል፣ ይጨፍራል፣ ደስታው ከሰው ጋር ይመጣል። በዚህ እንስማማለን። የማልቀበለው ብቻውን ለተጨነቀ ሰው የሚላከውን ዘፈን ነው። አትጨነቅ ከማለት በፊት ምን እንዳስጨነቀው መጠየቅ ይቀድማል።