ለኩሬያችን የራሳችን አበባ ጠፋ እንዴ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኩሬ መሥራት ወግ ሆኗል። ፓርኩም፣ ሆቴሉም፣ አቅም ያለው ሰው ግቢም ኩሬ አያጣም። የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ሲስፋፋ ደግሞ ገና ብዙ እናያለን። ውኃ ማየት ማንን ይጠላል! እኔን የሚከነክነኝ ከውኃው ዳር የሚተከለው ነገር ነው። በየሄድኩበት ቆም ብዬ አያለሁ፤ አብዛኛው የባዕድ አገር ተክል ነው።

የባዕድ ተክል ሁሉ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ግን እኮ እምቦጭም የኩሬ ጌጥ ነበር። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም ላይ የተዛመተው በአብዛኛው ሐምራዊ አበባው ዓይን ስለሚስብ ሰዎች ለኩሬያቸው እየወሰዱት ነው። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ገባ። ከዚያ ወዲህ የጣና ዳር ገበሬ በእጁ እየነቀለ፣ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ውኃ ውስጥ ቆሞ የከፈለውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

ታዲያ የራሳችን የለንም? አለን እንጂ። ኦርኪድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሆቴል እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ዘሩ ከእስያ የመጣው አበባ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብ እና ከፊን ራስሙሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ አሳትመዋል። አገራችን ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አላት። ከነሱም ዛፍ ላይ የሚኖሩ አሉ፣ መሬት ላይ የሚበቅሉ አሉ። ሃቤናሪያ፣ ሳቲሪየምና ኢዩሎፊያ በሚባሉት ወገኖች ውስጥ ደግሞ እርጥብ ሣር ሜዳና ረግረግ የሚወዱ አሉ። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከሚታጨድበት ዓይነት ቦታ ማለት ነው። ኦሮምኛው ረግረጋማውን ሜዳ ጨፌ ይለዋል፤ የክልሉ ምክር ቤት ስሙን ከዚያ ነው የወሰደው። እኛ ግን ረግረግ ስናይ የሚታየን ተጠንፍፎ የሚታረስ ወይ አፈር ተደፍቶበት ቤት የሚሠራበት ባዶ መሬት ነው።

ባለፈው መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ «ረግረግ የሚወድ ያገር ኦርኪድ ይኖርሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «አሁን የለም፤ ግን ጋሼ፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ፣ ልጆቹ ከነሥሩ ነቅለው ያመጡልዎታል» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ፤ ፈላጊ ሲመጣ የሚያውቀው መንገድ ይሄ ብቻ ነው። ፍርሃቴም እዚህ ጋ ነው። ነገ አንድ ፓርክ «ሀገር በቀል ኦርኪድ እንፈልጋለን» ብሎ ጨረታ ቢያወጣ፣ አካፋ ይዞ ወደ ጨፌ የሚወርደው ብዛቱ!

የተነቀለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ እንደ ባቄላ የራሱን ስንቅ ይዞ አይወለድም። በተፈጥሮ የሚበቅለው አፈር ውስጥ ያለ ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኘውና ሲመግበው ነው። ካደገ በኋላም ብዙዎቹ ያንን ጉርብትና አይተዉም። ከረግረጉ ነቅለህ ፍግ በበዛበት የግቢ አፈር ስትተክለው፣ የለመደውን ሁሉ ነጥቀኸዋል።

መፍትሔው ማባዛት ነው፤ ይቻላልም። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ስፒራንተስ ኦዶራታ የሚባል የረግረግ ኦርኪድ በተፈጥሮ ይገኛል። ትንንሽ ነጫጭ አበቦቹ ግንዱን እንደ ሹሩባ እየተጠመዘዙ ይወጣሉ፣ መዓዛው ቫኒላ ቫኒላ ይላል። የሚያብበው በመጸው ነው፤ የእኛ አደይ በሚፈነዳበት ሰሞን ግድም። «ቻድስ ፎርድ» በሚል ስም የሚሸጠው ዓይነት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የተባዛ ነው። የፈለገ ሰው በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ኩሬው ዳር ይተክላል። ረግረጉን የሚነካው የለም።

ለእኛዎቹ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ከመሬት ኦርኪዶቻችን ብዙዎቹ በክረምት ወጥተው ያብቡና በበጋ ላያቸው ደርቆ ከመሬት በታች ባለው ድንች መሰል ሥር ይቆያሉ። የፓርክ ኩሬ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልክ ነው፤ ሥሩ ጥር ላይ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ኩሬው በሲሚንቶ ግንብ ቀጥ ብሎ ከሚወርድ፣ ዳሩ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ፣ ክረምት የሚረግብ በጋ የሚጠነፍፍ ቢሆን ይሻላል። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ክሎሪን ካለበት የቧንቧ ውኃ የዝናብ ውኃ ይመረጣል። ይሄ ሁሉ ከእብነ በረድና ከመብራት ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

ሙዝና ሸንኮራ አገዳ በብልቃጥ የሚያባዙ የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪዎች አገር ውስጥ አሉን። የኦርኪድን ዘርም ፈንገሱን በሚተካ ምግብ ላይ በብልቃጥ ማብቀል የታወቀ ሥራ ነው። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ለኩሬና ለፏፏቴ ከሚመደበው ገንዘብ ትንሽ ተቆንጥሮ ለዚህ ይሰጣቸው። አንድ የኦርኪድ ፍሬ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ስላለ፣ ባለሙያው በፈቃድ ጥቂት ፍሬ ቢለቅም ይበቃዋል፤ ተክሉም እዚያው ቦታው ላይ ይቀራል። ከዘር እስከ አበባ ግን ዓመታት ስለሚወስድ፣ ሪባን ለሚቆረጥበት ቀን እንዲደርስ የሚጠብቅ ኃላፊ ካለ ከወዲሁ ይወቀው።