ጎማና ቸርኬ ሳይተጫጩ ሲጋቡ

ባለፈው ስለ ቅናት ጽፌ ስንቱን እንዳስኮረፍኩ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ይመሰክራሉ። ለዛሬ ግን ፍቅረኛ ይቆየንና ስለ ሳይክል ጎማ ላውራችሁ። «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ምክር ነው?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡት ነው አይደል? ቆይ... አንዴ ታገሱኝ። በዚህ ጎማ የተነሳ እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሳችም።

ቤተሰቦቼ ያሉት ከሚሴ ነው። ወደ ደሴ የሄደ ሰው ያውቃታል፤ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ፣ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ሲጣበቅ የምታገኟት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ወተት ያመላልሳል። ጠዋት ጠዋት ከብት ወደሚበዛበት ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርድና ሁለት ጀሪካን ወተት ከኋላ ጭኖ ለሻይ ቤቶች ያደርሳል። የቤቱ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በዚያ ሳይክል ነው። እኔማ በየጋዜጣው እየለቀምኩ የማገኘው ለራሴም አይበቃ!

ሳይክሉ ያገለገለ ማውንቴን ነው። ጎማው 26 በ1.95 ነበር፤ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሲሆን ልጁ ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ወፍራሙን ላክልኝ፤ ቲክቶክ ላይ ያለውን ዓይነት!» አለኝ። እኔም ታላቅነቴን ላሳይ ብዬ ሁለት ወር አጠራቅሜ ገዛሁለት። ለሻጩ ያቀረብኩለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «26 ነው?» «26 ነው!» አለቀ። 26 በ2.35 የተጻፈበትን ጥንድ ጎማ በአውቶቡስ ላክሁ፤ ልጁም ፎቶ ተነስቶ ላከልኝ። አቤት ሲያምር!

ጎማው ቸርኬው ላይ ያለ ችግር ገባ። ሁላችንንም ያታለለን ይሄ ነው። መጀመሪያ ጎሚስታ ቤት ሄዶ የጭነት መኪና ጎማ በሚሞላበት ኮምፕረሰር ድንጋይ እስኪመስል አስነፋው። ጎማው ግን ጎኑ ላይ ከስንት በላይ አየር መያዝ እንደሌለበት ተጽፎበታል፤ ለሳይክል የሚሆነው ከመኪናው በብዙ ያነሰ ነው። በጠጠሩ መንገድ ላይ እየነጠረ ሲያስቸግረው ደግሞ እልህ ይዞት አየሩን አስተነፈሰው። በማግስቱ ከጨፋ ሲመለስ፣ ከኮረኮንቹ ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ጠርዙ ከቸርኬው ወጣና ቴላዮው ውስጥ ተወትፎ እሽክርክሪቱን ቀጥ አደረገው። ልጁ በግራ እጁ ላይ ወደቀ። ያ መንገድ ቀን ከሌት ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። ከኋላው ይመጣ የነበረው ሹፌር ፍሬን ይዞ ቆመ እንጂ... ተዉት። ወተቱ አስፋልት ላይ ፈሰሰ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ፣ በጄሶ ታሰረ። እናቴም «ጎማ ላከልኝ ነው ወይስ ቀባሪ?» ብላ ስልኳን ዘጋች።

በሳምንቱ ከሚሴ ወረድኩ። ሳይክሉን ገፍቼ ዕድሜያቸው የገፋ ጠጋኝ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት። «አባ፣ ጎማው ምን ሆኖ ነው?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ጎማውማ ምን አደረገ ልጄ? የማይሆነውን አጋባችሁት እንጂ! አብሽር፣ ልጁ ከተረፈ ሌላው ቀላል ነው።» ከዚያ የክብሪት እንጨት አወጡና ቸርኬው ውስጥ፣ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ግድግዳ ለክተው ሰበሩት። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትር አስመጡና ስባሪውን ለኩት፤ 17 ሚሊ ሜትር! የጎማው ስፋት ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ነው። «እስቲ ከፊት ሆነህ እየው» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጎማው አምፖል መስሏል፤ ከታች አንገቱ ቀጭን፣ ከላይ ሆዱ ሰፊ። እንዲህ ያለ ጎማ አየሩ ሲቀንስ በየመታጠፊያው እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ከመነዳሪውም በድንጋይና በቸርኬው ጠርዝ መሃል ይነከስና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ታዲያ በደንብ ቢነፋስ? አይሆንም። ጎማው በሰፋ ቁጥር ያው አየር የቸርኬውን ግድግዳ ወደ ውጭ የሚገፋበት ጉልበት ይጨምራል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ሳይክል ከሆነ ደግሞ ያ ግድግዳ በላስቲኩ ለዓመታት ሲፋቅ ኖሯል፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

(በነገራችን ላይ ጎማም፣ ቸርኬም፣ ከመነዳሪም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ከመነዳሪ ማለት «የአየር ክፍል» ነው። ስሙን ወርሰን ልኩን ረሳነው!)

እንግዲህ ሳይክል ልትገዙ ወይም ጎማ ልትቀይሩ የተነሳችሁ ስሙኝ። ጎማው ጎን ላይ ከ26ቱ ሌላ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር ነው። 26 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። በነጥብ የተጻፈው 26 በ1.95 ዙሪያው 559 ሲሆን በክፍልፋይ የተጻፈው 26 በ1⅜ ግን 590 ነው፤ አንዱ የሌላው ቸርኬ ላይ አይሆንም። የድሮው ባለ 28 በ1½ ትልቁ ሳይክል ደግሞ 635 ነው።

ቸርኬውን ስትለኩ ጎማውንና ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ ለኩ። ከውጭ የለካ ተሸወደ። አንዳንዱ ቸርኬ ላይ 559×19 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ 19ኙ የውስጥ ስፋቱ ነው። የቆየው ደንብ የጎማው ስፋት የዚህን ቁጥር አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን ይላል። የጎማ አምራቾች ሰንጠረዥ ለቀቅ ያደርገዋል፤ ውስጡ 17 ለሆነ ቸርኬ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ፣ ለ19 ደግሞ እስከ 60 ግድም ይፈቅዳል። እኔ ግን ጀሪካን ለሚጭን ሰው ድንበሩ ላይ መቆምን አልመክርም። ውስጡ 25 የሆነ ቸርኬ 2.1ንም 2.35ንም ተደላድሎ ይሸከማል። አሁን አሁን የሚሠሩት የተራራ ሳይክሎች 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቸርኬ ስላላቸው ነው እነዚያ ቲክቶክ ላይ የምታዩአቸው 2.4 እና 2.6 ጎማዎች የሚያምርባቸው።

ነገሩ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ሽዊን የተባለው ፋብሪካ በ1933 እ.ኤ.አ. 26 በ2.125 ወፍራም ጎማ ይዞ ብቅ አለ። በ1970ዎቹ የካሊፎርኒያ ጎረምሶች እነዚያን አሮጌ ሳይክሎች እያሻሻሉ ከተራራ ቁልቁል ሲጋልቡ የተራራ ሳይክል ተወለደ። በ1990ዎቹ ግን ሁሉም ክብደት ልቀንስ ብሎ ቸርኬውን አጠበበው፤ ተመልሶ የሰፋው ከ2010 ወዲህ ነው። ስለዚህ የቆየ ማውንቴን የያዘ ሰው ከጠባብ ዘመን የመጣ ቸርኬ ላይ የሰፊ ዘመን ጎማ እየጫነ ሊሆን ይችላል፤ ልክ እንደኛ።

የተገላቢጦሹም አለ። አዲስ አበባ አንዷ ጓደኛዬ አስፋልት ላይ ልፍጠን ብላ ሰፊ ቸርኬ ላይ ቀጭን ጎማ አሠርታ አየሁ። ጎማው ተዘርግቶ ስለሚቀር የመጀመሪያውን ጉድጓድ የሚመታው ቸርኬው ነው። ለእሷ በአካል ነግሬያታለሁ፤ ኮርፋኛለች።

ጎማው ለቸርኬው ልክ ቢሆን እንኳ ቴላዮው ውስጥ በግራም በቀኝም 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ መቅረት አለበት፤ ጭቃ ሲይዝ ያንን ይፈልጋልና። ከመነዳሪውም የራሱ ልክ አለው፣ ካርቶኑ ላይ «ከ1.75 እስከ 2.125» ተብሎ ይጻፋል።

ሽማግሌው 26 በ1.95 አዲስ ጎማ አስገቡልን። ለ17 ቸርኬ እሱም ጫፉ ነው፤ «ጭነት ሲኖር አየሩን አታጓድል፣ ሲነፋ ደግሞ በእጅ ፓምፕ ይሁን» ብለው ልጁን አስማሉት። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ሥራ ጀምሯል። እናቴም ባለፈው እሑድ ራሷ ደወለች፤ ስለ ጎማ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም፣ እኔም አላነሳሁም።

ሁለቱ ወፍራም ጎማዎች አሁን አልጋዬ ሥር ናቸው። 60-559፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ የተነዱ። ቸርኬያችሁ 559 ሆኖ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በጋዜጣው አድራሻ ጻፉልኝ፤ በዋጋ እንስማማለን። መጀመሪያ ግን የክብሪቷን ስባሪ ፖስታው ውስጥ ከታችሁ ላኩልኝ፣ እኔው ራሴ ለክቼ አያለሁ።